ከአየር ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሳ አነስተኛ ድሮን፤ አሠራሩ፣ አገጣጠሙና አበራረሩ

ባለ አራት ፕሮፔለር አነስተኛ ድሮን የመንገድ፣ የግድብ፣ የመስኖና የቤቶች ግንባታ ሥራዎች የሚገኙበትን ደረጃ ከአየር ላይ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል። ቀደም ባሉት ዓመታት እንዲህ ዓይነቱን ፎቶግራፍ ለማግኘት አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር መከራየት ግድ ይል ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን በትርፍ ጊዜያቸው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚሞክሩ ግለሰቦች ሳይቀሩ መሣሪያውን ከተናጠል ክፍሎች ገጣጥመው ማብረር ችለዋል።

በዚህም ምክንያት ድሮን በመሥሪያ ቤቶች የግዥ ጥያቄ፣ በፕሮጀክት ሪፖርትና በሥራ ውል ውስጥ ስሙ መነሳት ከጀመረ ቆይቷል። መሣሪያውን በእጁ የማይነካ የሥራ ኃላፊም ቢሆን ምን መሥራት እንደሚችልና ምን መሥራት እንደማይችል፣ በምን ምክንያት እንደሚወድቅ እንዲሁም ያነሳው ፎቶግራፍ ለምን ያህል ማስረጃነት እንደሚበቃ ማወቁ ለትክክለኛ ውሳኔ ይረዳዋል። ይህ ጽሑፍ በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደውን ባለ 450 ሚሊ ሜትር ፍሬም ድሮን በአብነት በመውሰድ እነዚህን ጉዳዮች በቅደም ተከተል ያብራራል።

አጭር ታሪካዊ ዳራ

ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ማንሳት የተጀመረው ከአውሮፕላን መፈልሰፍ በፊት ነው። ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ አቅራቢያ ከፊኛ ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ አንስቷል። ከዚያ ዘመን ተጠብቆ የቆየው ጥንታዊው የአየር ላይ ፎቶግራፍ ግን ጄምስ ዋላስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1860 ከፊኛ ላይ ያነሳው የአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ምስል ነው። ሌላው ፈረንሳዊ አርተር ባቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ካሜራውን ከወረቀት ካይት ጋር አስሮ ወደ ላይ በመላክ፣ ሰው ሳይሳፈር ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ማንሳት እንደሚቻል አሳይቷል።

በአራት ተሽከርካሪዎች የመነሳት ሐሳብም አዲስ አይደለም። የብሬጌ ወንድማማቾች ከፕሮፌሰር ሻርል ሪሼ ጋር እ.ኤ.አ. በ1907 በፈረንሳይ የሠሩት ባለ አራት ተሽከርካሪ መሣሪያ ከመሬት በመጠኑ ከፍ ብሎ ተነስቷል፤ ሆኖም እንዳይገለበጥ አራት ሰዎች ከአራቱ ማዕዘን ይዘውት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1922 ትውልደ ሩሲያው ጆርጅ ደ ቦተዛት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሠራው መሣሪያ ለ1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ በአየር ላይ ቆይቷል። ኤቲየን ኤሚሸን ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1924 ተነስቶ ወደመነሻው የሚመለስ የ1 ኪሎ ሜትር በረራ በ7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አጠናቋል።

እነዚህ ሙከራዎች በስፋት ሳይቀጥሉ የቀሩበት ዋነኛ ምክንያት የአራቱን ተሽከርካሪዎች ጉልበት በየቅጽበቱ ማመጣጠን ከአንድ አብራሪ አቅም በላይ በመሆኑ ነው። ችግሩ የተፈታው ከ80 ዓመታት ያህል በኋላ ሲሆን፣ የፈታውም ኮምፒዩተር ነው። ለሞባይል ስልክና ለቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች የተሠሩ ጥቃቅን ሴንሰሮች ዋጋቸው ሲቀንስ የትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ለድሮን ማዋል ጀመሩ። በጀርመን የተጀመረው ሚክሮኮፕተር፣ የኒንቴንዶ ዊ ጨዋታ መሣሪያን ሴንሰር በመጠቀም ስሙን ያገኘው መልቲዊ እና አርዱፓይለት የተሰኙት ሥራዎች ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። የፈረንሳዩ ፓሮት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤአር ድሮንን፣ የቻይናው ዲጄአይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ፋንተም የተባለውን ድሮን ለገበያ ካቀረቡ በኋላ መሣሪያው በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል።

ድሮን እንዴት ይበራል?

አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ወደፊት ሲጓዝ ክንፎቹ በሚፈጥሩት የመነሳት ኃይል ነው። ድሮን ግን አየርን ወደታች በመግፋት ብቻ ይነሳል። አራቱ ፕሮፔለሮች የሚፈጥሩት ጠቅላላ ኃይል ከመሣሪያው ክብደት ሲበልጥ ይነሳል፣ እኩል ሲሆን ባለበት ይቆማል፣ ሲያንስ ይወርዳል።

በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ሞተሮች በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒው ይሽከረከራሉ። ይህ የሚደረገው የአንዱ ጥንድ የመጠምዘዝ ኃይል የሌላውን እንዲያጠፋና መሣሪያው በራሱ ዛቢያ ላይ እንዳይዞር ነው። ድሮኑ ወደፊት እንዲሄድ ሲፈለግ የኋለኞቹ ሁለት ሞተሮች ፍጥነት ይጨምራል፤ መሣሪያው ፊቱን ደፋ አድርጎ ይጓዛል። ፊቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲያዞር ሲፈለግ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከረው ጥንድ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል።

ይህን ሁሉ የሚያመጣጥነው ፍላይት ኮንትሮለር የሚባለው አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው። ጋይሮስኮፕ የመዞር ፍጥነትን፣ አክሰለሮሜትር የመሬት ስበት አቅጣጫን፣ ባሮሜትር በአየር ግፊት አማካይነት ከፍታን፣ ኮምፓስ አቅጣጫን፣ ጂፒኤስ ደግሞ የሚገኝበትን ቦታ ይነግሩታል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን መረጃዎች በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያነበበ ለእያንዳንዱ ሞተር የተለየ ትዕዛዝ ይሰጣል። ከዚህ የምንረዳው አብራሪው በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ ሞተሮቹን በቀጥታ እንደማያዝ፣ ይልቁንም ለኮምፒዩተሩ ፍላጎቱን እንደሚያሳውቅ ነው። ስለሆነም ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መረጃ ከሴንሰሮቹ ሲደርሰው የተሳሳተ ትዕዛዝ ይሰጣል። ይህና የባትሪ ማለቅ ለጀማሪዎች አደጋ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ።

ባለ አራት ሞተር ድሮን አንድ ሞተር ቢቆምበት ሚዛኑን አጥቶ ይወድቃል። ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሞተር ድሮኖች ግን በቂ ትርፍ ጉልበት ካላቸው አንድ ሞተር ቢያጡም ማረፍ ይችላሉ። ውድ ካሜራ የሚሸከሙ ድሮኖች ብዙ ጊዜ ከአራት በላይ ሞተር የሚኖራቸው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና ክፍሎችና ክብደታቸው

በአብነት የተወሰደው ድሮን በሰያፍ ከሞተር እስከ ሞተር 450 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። የክፍሎቹ ግምታዊ ክብደት እንደሚከተለው ነው፤

ፍሬሙ 280 ግራም ሲሆን፣ አራቱ ብሩሽ አልባ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 55 ግራም በድምሩ 220 ግራም ይመዝናሉ። የሞተሮቹን ፍጥነት የሚወስኑት አራት ስፒድ ኮንትሮለሮች 100 ግራም፣ አራቱ ፕሮፔለሮች 50 ግራም ናቸው። ፍላይት ኮንትሮለሩ፣ ጂፒኤሱ፣ የሬዲዮ መቀበያውና ሽቦዎቹ በአንድነት 150 ግራም፣ ባትሪው 400 ግራም፣ ካሜራውና የካሜራውን ሚዛን የሚጠብቀው ጊምባል ደግሞ 300 ግራም ይሆናሉ። ጠቅላላ ክብደቱ 1 ሺህ 500 ግራም ወይም 1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ነው።

በሞተሮች ላይ ተጽፎ የሚገኘው «920 ኬቪ» የሚለው ቁጥር ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 920 ዙር እንደሚሽከረከር ያመለክታል። በመሆኑም በ11 ነጥብ 1 ቮልት ባትሪ ያለ ጭነት በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። በፕሮፔለር ላይ የሚጻፈው «10 በ4 ነጥብ 5» ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በኢንች፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር በንድፈ ሐሳብ ወደፊት የሚሄደውን ርቀት በኢንች ይገልጻል። 10 ኢንች 25 ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለፎቶግራፍ የሚውል ድሮን የሞተሮቹ ከፍተኛ ጠቅላላ ጉልበት የክብደቱ እጥፍ ሊሆን እንደሚገባ በሠሪዎች ዘንድ የተለመደ መመዘኛ ነው። ለ1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ድሮን 3 ኪሎ ግራም የማንሳት አቅም ያስፈልጋል ማለት ነው። ትርፉ አቅም ነፋስን ለመቋቋምና ሲያዘነብል ሚዛኑን ለመመለስ የሚውል እንጂ ተጨማሪ ጭነት ለመጫን የታሰበ አይደለም።

የከፍታ ጉዳይ

የድሮን ክፍሎች አምራቾች የሚያወጧቸው የጉልበት መግለጫዎች በአብዛኛው በባሕር ጠለል አካባቢ የተለኩ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር በመሆኑ በተመሳሳይ የሽክርክሪት ፍጥነት የሚፈጥረው ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ከላይ የተጠቀሰው 3 ኪሎ ግራም የማንሳት አቅም በአዲስ አበባ ወደ 2 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። የክብደቱ እጥፍ የነበረው አቅም 1 ነጥብ 6 እጥፍ ብቻ ይሆናል። በሰሜን ተራሮች ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ በሚደርሱት ከፍታዎች ደግሞ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያነሰ ስለሚሆን፣ ይኸው ድሮን የሚተርፈው አቅም እጅግ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በታች በሚገኙት የአፋር ዝቅተኛ ስፍራዎች የአየሩ ግፊት ምቹ ቢሆንም፣ ከፍተኛው ሙቀት አየሩን ያሳሳል፤ ሞተሮችን፣ ስፒድ ኮንትሮለሮችንና ባትሪን ለጉዳት ያጋልጣል።

የበረራ ጊዜም እንዲሁ ይቀንሳል። ድሮኑ በባሕር ጠለል ላይ ባለበት ለመቆም 180 ዋት ይፈጃል ብንል፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ይኸው ፍላጎት ወደ 200 ዋት ያድጋል። 5 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት አቅም ያለው የ11 ነጥብ 1 ቮልት ባትሪ 55 ነጥብ 5 ዋት ሰዓት ይይዛል። ለባትሪው ደኅንነት ሲባል ከዚህ ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው 80 በመቶው ወይም 44 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በስሌቱ መሠረት በባሕር ጠለል 15 ደቂቃ የሚጠጋው በረራ በአዲስ አበባ ወደ 13 ደቂቃ ይወርዳል። በማሸጊያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ተማምኖ የሚያበር ሰው ድሮኑ ገና በመመለስ ላይ እያለ ባትሪው ሊያልቅበት ይችላል።

ችግሩን ለመቀነስ ተመራጭ የሆኑት ዘዴዎች ክብደት መቀነስና ሞተሩ የሚችለውን ያህል ሰፋ ያለ ፕሮፔለር መጠቀም ናቸው። ሰፊ ፕሮፔለር በሞተሩ ላይ የሚጨምረው ጭነት ግን በቴስተር ተለክቶ ስፒድ ኮንትሮለሩ ከሚችለው አምፔር በታች መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

ለሥራው ካቻቢቴ፣ የሄክሳጎን ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ሶልደር ማድረጊያ፣ ቴስተርና ናስትሮ ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ የስፒድ ኮንትሮለሮቹ ሽቦዎች ኃይል በሚያከፋፍለው የፍሬሙ የታችኛው ሰሌዳ ላይ በሶልደር ይበየዳሉ። ባትሪ ከመገናኘቱ በፊት በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መስመር መካከል መነካካት አለመኖሩ በቴስተር ይፈተሻል። ይህ ፍተሻ ሳይደረግ ባትሪ ማገናኘት ሰሌዳውን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሮቹ በፍሬሙ ክንዶች ላይ ይታሰራሉ። የማሰሪያው ብሎን ከሚገባው በላይ ረጅም ከሆነ የሞተሩን የውስጥ ጥቅል ሽቦ ስለሚወጋ ርዝመቱ አስቀድሞ መለካት አለበት። ሞተሮች በሚፈጥሩት ንዝረት ብሎኖች ስለሚላሉ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ መጠቀም ይመከራል።

ፍላይት ኮንትሮለሩ በተቻለ መጠን በመሣሪያው መሐል፣ ንዝረት በሚቀንስ ለስላሳ ማጣበቂያ ላይ ይቀመጣል። ጂፒኤሱና ኮምፓሱ ግን ከኃይል ሽቦዎች ርቀው በአነስተኛ ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው መተከል አለባቸው፤ በሽቦዎቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ ኃይል ስለሚፈጥር ኮምፓሱን ያሳስታል። ባትሪውና ካሜራው የሚቀመጡበት ቦታ የመሣሪያው የክብደት ማዕከል በአራቱ ሞተሮች መሐል እንዲውል ተደርጎ ይስተካከላል።

ከዚህ በኋላ ሴንሰሮቹና ሬዲዮ መቆጣጠሪያው በኮምፒዩተር አማካይነት ይስተካከላሉ፤ የእያንዳንዱ ሞተር የመሽከርከሪያ አቅጣጫም ይፈተሻል። በተቃራኒ የሚሽከረከር ሞተር ሲገኝ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር አቅጣጫውን ያስተካክለዋል። መቆጣጠሪያው ሲጠፋ ድሮኑ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የጥንቃቄ ቅንብርም በዚህ ጊዜ ይሞከራል።

እዚህ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ጥብቅ ደንብ አለ። እነዚህ ሙከራዎች በሙሉ የሚከናወኑት ፕሮፔለሮቹ ሳይገጠሙ ነው። ከጠረጴዛ ላይ በድንገት የተነሳ ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር ጣትን እስከ አጥንት ይቆርጣል፤ ዓይንንም ያጠፋል። ፕሮፔለር የሚገጠመው ለበረራ ሜዳ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው።

ባትሪ

ለድሮን የሚያገለግለው ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በአነስተኛ ክብደት ብዙ ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ ይመረጣል፤ በአያያዝ ጉድለት በእሳት የሚያያዝ በመሆኑ ደግሞ ጥንቃቄን ይሻል። አንዱ የባትሪ ክፍል መደበኛ ጉልበቱ 3 ነጥብ 7 ቮልት ሲሆን፣ ሲሞላ 4 ነጥብ 2 ቮልት ይደርሳል። ከዚህ በላይ መሙላትም ሆነ ከ3 ቮልት በታች ማውረድ ባትሪውን ይጎዳል። «ባለ 3 ኤስ» የሚባለው ባትሪ ሦስት ክፍሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው።

ባትሪው ክፍሎቹን እኩል በሚሞላ ባላንስ ቻርጀር፣ ሰው እየተከታተለው፣ በማይቀጣጠል ነገር ላይ ተቀምጦ ይሞላል። የ5 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በ5 አምፔር መሙላት የተለመደ ነው። ለቀናት ሳያገለግል የሚቀመጥ ከሆነ በየክፍሉ 3 ነጥብ 8 ቮልት ገደማ ላይ ማቆየት ዕድሜውን ያራዝማል። ያበጠ፣ የተወጋ ወይም በመውደቅ የተጨፈለቀ ባትሪ ከአገልግሎት ውጪ መሆን አለበት።

የሊቲየም ባትሪን በአውሮፕላን ይዞ መጓዝም ደንብ አለው። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይቀመጡም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያሉት ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያሉት ደግሞ በአየር መንገዱ ፈቃድ ከሁለት ሳይበልጡ ይጓጓዛሉ። ለመስክ ሥራ ወደ ክልሎች የሚጓዙ ባለሙያዎች ይህን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

የበረራ ሥርዓት

የመጀመሪያው በረራ ሰው፣ ዛፍና የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ ነፋስ በረጋበት ሰዓት ይካሄዳል። በአብዛኛው የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ማለዳው ከቀትር በኋላ ካለው ጊዜ ይልቅ የረጋ ነው። የድሮኑ ጀርባ ወደ አብራሪው ዞሮ ይቀመጣል፤ ፊቱ ወደ አብራሪው የዞረ ድሮን ግራና ቀኙ ስለሚገለባበጥ ጀማሪውን ያደናግራል።

ከመነሳቱ በፊት ጂፒኤሱ በቂ ሳተላይቶችን ማግኘቱና መነሻ ቦታውን መመዝገቡ ይረጋገጣል። ይህ ሳይሆን የተነሳ ድሮን «ወደ መነሻህ ተመለስ» ሲባል ወዳልታሰበ ስፍራ ሊሄድ ይችላል። ኮምፓስ ማስተካከልም በተሽከርካሪዎች አጠገብ ወይም በፎቅ ጣሪያ ላይ መደረግ የለበትም፤ በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት ንባቡን ያዛባል። ከፎቅ ጣሪያ ላይ ማስነሳት የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድሮኑ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ባለበት እንዲቆም ከተደረገ በኋላ መሬት ይወርድና የሞተሮቹ ሙቀት በእጅ ይፈተሻል። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ በሞተሩ ወይም በፕሮፔለሩ ላይ ጉድለት አለ ማለት ነው። መውረድም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቀጥ ብሎ በፍጥነት የሚወርድ ድሮን ራሱ ወደታች በገፋው የተናወጠ አየር ውስጥ ስለሚገባ ጉልበቱን አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። በዝግታ ወይም ወደፊት እየተጓዙ መውረድ ይህን ያስቀራል።

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡ አሞራዎችም አንዱ የአደጋ ምንጭ ናቸው። ወፎች ወደ ድሮኑ ሲቀርቡ ከአካባቢው ርቆ ማሳረፍ ይገባል።

የጥንቃቄውን አስፈላጊነት ለመረዳት አንድ ስሌት በቂ ነው። ከ50 ሜትር ከፍታ ላይ ጉልበቱን ያጣ ድሮን ከሦስት ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ መሬት ይደርሳል። የአየሩ ተቃውሞ ባይቀንሰው ኖሮ ፍጥነቱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር። የአየሩ ተቃውሞ ታክሎበትም ቢሆን በሰው ጭንቅላት ላይ የሚወድቅ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ በበዓላት፣ በስብሰባዎችና በምረቃ ሥነ ሥርዓቶች ላይ ከሕዝብ በላይ ማብረር ሊወገድ የሚገባው ተግባር ነው።

ፎቶግራፍና ካርታ

ጥሩ የአየር ላይ ፎቶግራፍ የሚጀምረው ከንዝረት ማስወገድ ነው። ሚዛኑን ያልጠበቀ ፕሮፔለር በቪዲዮ ምስል ላይ የሚርገበገብ ሞገድ ይፈጥራል። ፕሮፔለሩን በሚዛን መፈተሽና ካሜራውን በላስቲክ ላይ በተንጠለጠለ ጊምባል መያዝ ጉድለቱን ያስተካክላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ጎንዮሽ ብርሃን የመሬቱን ወጣ ገባ አጉልቶ ያሳያል፤ ለካርታ ሥራ ግን ጥላ በሚያንስበት እኩለ ቀን አካባቢ ማንሳት ይመረጣል።

የሥራ ኃላፊዎች በተለይ ሊለዩት የሚገባው ነገር ፎቶግራፍ ካርታ አለመሆኑን ነው። አንድ ፎቶግራፍ በሌንሱ መጣመም፣ በካሜራው ማዘንበልና በመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ምክንያት ርቀቶችን በእኩል መጠን አያሳይም። የመንገድ ሥራ መጀመሩን ወይም የሕንፃ ጣሪያ መልበሱን ለማሳየት ይበቃል፤ የቦታ ስፋት ለመለካት ግን አይበቃም።

ለልኬት የሚሆን ምስል የሚገኘው እርስ በርስ የሚደራረቡ ብዙ ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ሲጣመሩ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፋንተም 4 ፕሮ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲያነሳ እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ በመሬት ላይ 2 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ አንዱ ፎቶግራፍ ደግሞ 150 ሜትር በ100 ሜትር ቦታ ይይዛል። በጉዞው አቅጣጫ 75 በመቶ፣ በጎን 70 በመቶ እንዲደራረብ ከተፈለገ በየ25 ሜትሩ አንድ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ መስመሮቹም በ45 ሜትር ይራራቃሉ። 450 ሜትር በ400 ሜትር ወይም 18 ሄክታር የሚሆን ቦታ ለመሸፈን 11 መስመርና ከ180 በላይ ፎቶግራፎች ያስፈልጋሉ። በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት የመስመሮቹ ጉዞ ብቻ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአብነት የተገለጸው ድሮን ቢሆን ይህን ሥራ በአንድ ባትሪ አይጨርሰውም።

የነጥቡ ጥራት 2 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ግን ካርታው በዚያው መጠን ትክክል ነው ማለት አይደለም። የተራ ድሮን ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በ200 ሜትር ወሰን ላይ የ3 ሜትር መዛነፍ 600 ካሬ ሜትር መሬት ከአንዱ ባለይዞታ ወደ ሌላው ያሻግራል። በመሬት ላይ በቅየሳ መሣሪያ የተለኩ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ለካሣ ክፍያ፣ ለይዞታ ማረጋገጫ ወይም ለወሰን ክርክር የሚቀርብ የድሮን ካርታ የመቆጣጠሪያ ነጥቦቹ ዝርዝርና የስህተቱ መጠን ያልተገለጸበት ከሆነ በማስረጃነት ከመወሰዱ በፊት ሊጣራ ይገባል። የጠራ ምስል ባለይዞታውንም ሆነ ወሳኙን አካል በቀላሉ የሚያሳምን መሆኑ ጥንቃቄውን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ፈቃድና ኃላፊነት

የአሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ደንቦች በመሠረታዊ ጉዳዮች ይቀራረባሉ። አነስተኛ ድሮን በመደበኛው አሠራር ከመሬት 120 ሜትር ገደማ ሳያልፍና ከአብራሪው ዓይን ሳይሰወር እንዲበር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያዎች እንዲርቅ ያዝዛሉ። የአሜሪካው ለሥራ የሚውሉ አነስተኛ ድሮኖች ደንብ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በሥራ ላይ ውለዋል።

በኢትዮጵያ ድሮንን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ ማብረር አይቻልም። ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ የሚጠየቅ ሲሆን፣ ፈቃድ የሌላቸው መሣሪያዎች በጉምሩክ ይያዛሉ። የአየር ክልሉን የበረራ ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው ውስጥ የሚገኝ መሆኑ የአዲስ አበባን ሰማይ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ያደርገዋል። የመሣሪያውን ክፍሎች በተናጠል ማስመጣት ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብም አደገኛ ነው፤ ማንኛውም ወጪ ከመደረጉ በፊት የሚመለከታቸውን አካላት መጠየቅ ይገባል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ይደነግጋል። ለፕሮጀክት ክትትል የተነሳ ፎቶግራፍ የነዋሪዎችን ግቢና ቤት ጭምር ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምስሉ ከታለመለት ሥራ ውጪ እንዳይሰራጭ የሚጠብቀው ኃላፊ በስም መታወቅ አለበት።

መግጠም ወይስ ተዘጋጅቶ የተሠራውን መግዛት?

ራስ ገጥሞ ማብረር ዕውቀት ለመቅሰም ተመራጭ ነው። አንዱ ክንድ ሲሰበር ወይም ሞተር ሲቃጠል በአነስተኛ ወጪ መጠገን ያስችላል፤ ለቴክኒክና ሙያ ተቋማትና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ኤሌክትሮኒክስን፣ ሜካኒክስንና ፕሮግራሚንግን በአንድ ሥራ ያስተምራል። ለመደበኛ የመሥሪያ ቤት ሥራ ግን ተዘጋጅቶ የተሠራ፣ የዋስትናና የመለዋወጫ አቅርቦት ያለው መሣሪያ ይመረጣል፤ የገጠመው ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ መሣሪያውም ከመጋዘን የማይወጣ ንብረት እንዳይሆን ነው።

በአጠቃላይ የድሮን አገልግሎት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ውል ከመፈራረሙ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ማግኘት ይኖርበታል። የመሣሪያውና የበረራው ፈቃድ የት አለ? አብራሪው የበረራ መዝገብ ይይዛል ወይ? የመሣሪያው የማንሳት አቅም ለሥራው ቦታ ከፍታ ተሰልቷል ወይ? የሚፈለገው ፎቶግራፍ ነው ወይስ ልኬት ያለው ካርታ? ካርታ ከሆነ የመቆጣጠሪያ ነጥቦቹን የሚለካው ማን ነው? ጉዳት ቢደርስ ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው? መልስ ያላገኘ ጥያቄ ካለ በረራውን ለሌላ ቀን ማስተላለፉ፣ ከወደቀ ድሮን ወይም ከተዛነፈ ወሰን በኋላ ከሚመጣው ክርክር ይልቅ ለመሥሪያ ቤቱም ሆነ ለኅብረተሰቡ የተሻለ ይሆናል።